ከቅጥሩ ውጭ

ሞዴስ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸተው ደረቅ የጥጥ ሽታ ዛሬም ደባርቅ፣ ሰባተኛ ክፍል ይመልሰኛል።

የሳይንስ መምህራችን ያችን ምዕራፍ ሲደርስ «ይችን እቤታችሁ አንብቧት» ብሎ አለፋት። ኋላ ከጎንደር የተመደበች መምህርት ወንዶቹን ኳስ ሜዳ ልካ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ሴቶቹን ብቻ አስቀረችን። ውጭው ጉም ነበር። እኛ አንገታችንን ደፍተን ዴስኩን በጥፍራችን እንፍቃለን። መምህርቷ አንድ እሽግ ሞዴስ ከፍ አድርጋ «የጀመራችሁ አላችሁ?» ስትል አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ እጇን አወጣች። ዓይን አፋር ነበረች፤ ያን ቀን ምን እንደነካት እንጃ። መምህርቷ ጠርታ እሽጉን ሰጠቻት፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት።

እኔ እንደሆንኩ ቀናተኛ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት፤ ያን ዕለት ግን አንገበገበኝ። በዕድሜም በቁመትም እበልጣታለሁ፣ በሒሳብማ አትደርስብኝም። በዚህ ቀደመችኝ።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ተደብቆ አይቀርም። የወር አበባዋ የመጣ ሴት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድስ። እሑድ ጓደኛዬ ነጠላዋን ተከናንባ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር ቆማለች፤ ቦታ ለቀው መሐላቸው አስገብተዋታል። እኔ ከውስጥ፣ ከሕፃናት ጋር። እንዴት እንደተቃጠልኩ ልናገረው አልችልም። ቅዳሴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሾልኬ ወጣሁና አጠገቧ ቆምኩ፤ እንደነሱም ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። ብዙ አልቆየሁም። እናቴ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንች ደግሞ ምን አገኘሽና ነው? ግቢ።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እየተጎተትኩ ዞሬ ሳይ፣ ከዳባት ዘመድ ጥየቃ የመጡ አንዲት ሴትዮ የጓደኛዬን ጉንጭ ዳበስ አድርገው «የማን ልጅ ነሽ አንች?» ይሏታል። እኔን የጠየቀኝ የለም። ያች ጥያቄ እንኳ አስቀናችኝ።

ሴትዮዋ የጠየቁት ለልጃቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጓደኛዬ ክፍል አልተመለሰችም። መምህርቷ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነች፤ ቃል ሰጥተናል ብለው ሸኟት። በሠርጉ ቀን እንኳ፣ ምን ላድርግ፣ አዲስ ጫማዋን አይቼ ቀናሁ።

አሁን ዳባት አስተምራለሁ፤ ያችን ምዕራፍ አልዘላትም። በቀደም ጓደኛዬ ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። ልጅቱ እናቷን በቁመት ደርሳባታለች። ከመሳቢያዬ አንድ እሽግ አውጥቼ ሰጠኋት። እናትየው ከልጇ እጅ ተቀብላ አገላበጠችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው።

«ያን ለት እናትሽ ሲጎትቱሽ እንዴት እንደቀናሁብሽ» አለችኝ። «የኔም እናት መጥታ ብትጎትተኝ ብዬ የቅጥሩን በር በሩን ሳይ ነበር።»