የማይታሸው ትከሻ

ልጄ ፒያሳ ጸጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ቀኝ እጇን ወደ ላይ ማንሳት ሲያቅታት ሐኪም ዘንድ ሄድን። የትከሻዋ ጅማት ተጎድቷል አለን። መድኃኒቱን ሲነግረኝ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፦ ከክንዷ ደም ይቀዳል፣ በማሽን ይሽከረከራል፣ የሚጠቅመው ይለይና ተመልሶ ትከሻዋ ላይ ይወጋል።

«የወጣ ደም ተመልሶ ይገባል እንዴ?» አልኩት።

«ማዘር፣ የራሷ እኮ ነው። ከጎረቤት አላመጣነውም።»

ልጄ ሳቀች። እኔ መርፌው ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልንወጣ ስንል፣ «መጀመሪያ ይብስባታል፤ አትደንግጡ። ብቻ እንዳትታሽ፤ ከታሸች የወጋነው ይበላሻል» አለ።

እውነትም ባሰባት። በማግስቱ ትከሻዋ እሳት ሆኖ ታቃስታለች። እናት ልጇን ሲያማት ምን ታደርጋለች? ታሻለች። እጄ ሳላዘው ወደ እሷ ይሄዳል፤ «እማ!» ስትለኝ እመልሰዋለሁ። ሲቸግረኝ እጆቼን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

የግቢያችን ወጌሻ ግን ማቃሰቷን ሰሙ። እኔም ልጄም ወለም ባለን ቁጥር ያሹን እሳቸው ናቸው፤ እምቢ አይባሉም። ቅቤያቸውን ይዘው በሩን ደበደቡት።

«ክፈቺ! ልጅቷን ልያት!»

«ተኝታለች፣ እማማ።»

«ተኝታ ነው የምታቃስተው?»

ልጄ ትራሱን ነከሰች።

«እሺ፣ እስክትነቃ እጠብቃለሁ» አሉና በርጩማቸውን አምጥተው ደጃፋችን ላይ ቁጭ አሉ።

ቤታችን አንድ ክፍል፣ አንድ በር ነው። ሽንት ቤቱም ቧንቧውም ግቢ ውስጥ ነው። የት እንግባ? ደግሞስ ሐኪሙ ተሳስቶ ቢሆን? እጇ እንደዚሁ ቢቀር ልጄ ምን ሠርታ ትበላለች? ከፍቼ ላስገባቸው እጀታውን ያዝኩ።

«እማ፣ እጄ ሥራዬ እኮ ነው» አለች ልጄ በሹክሹክታ።

ብቻዬን ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

«ነቃች?»

«አልነቃችም። እስከዚያ የኔን ጉልበት ይሹልኝ፤ ዳገቱን አላስወጣ ብሎኛል።»

ጉልበቴ ምንም አልነበረውም። ትክ ብለው አዩኝ፤ የገባቸው ይመስለኛል።

«አንቺ ተንኮለኛ! ዘርጊው በይ።»

ቅቤውን በመዳፋቸው አለሰለሱት። አውራ ጣታቸውን ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ሲያስገቡት ሰማዩ ዞረብኝ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ከጮህኩ ልጄ በሩን ትከፍታለች።