የግሪሳው ጎጆ ቋጠሮ

አየሁሽ ሰፌድ ስትሰፋ ያየ ሁሉ ጣቷን ያደንቃል። በዚያ ዓመት ግን ስፌቷን ትታ ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ ዋለች። ጣሊያን መተማን ይዟል፣ ባሏ ጀምበሩ ጫካ ገብቷል፣ ለቤቱ የቀረችው ያቺው ማሽላ ናት። ማሽላዋ ወተት መያዝ ስትጀምር ደግሞ ግሪሳ ወረደባት። ወንጭፍ ብታጮህ ወፉ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ያርፋል።

ጎረቤቷ ኢሳ በእርሻው ዳር ያለውን ግራር ከነወፍ ጎጆው አቃጥሎ መጣ።

"አየሁሽ፣ የኔዎቹ ወዳንቺ ግራር ገቡ። ወላሂ፣ ካላቃጠልሽው ገለባ ነው የምታጭጂው!"

ችግሩ የባሏ አባት ናቸው። አባባ አለነ ዓይናቸው ደክሟል። አንድ ቀን ከግራሩ የወደቀ ጎጆ ሲዳስሱ ቋጠሮው አስገረማቸው። እጅ የሌለው ወፍ፣ በአፉ ብቻ!

"ይህ ሁሉ ጥበብ ያለ ፈጣሪ ይሆናል? የእሱን ሥራ ማንም አያቃጥልብኝም" አሉ። አማት ከተናገሩ እሷ ምን ትላለች?

ሄዳ ግራሩ ሥር ቆመች። አንዱ ወፍ ሣር ያስገባል፣ ይስባል፣ ይፈታበታል፤ ደግሞ ይጀምራል። ከሥሩ የተዝረከረከ ጎጆ ወድቋል። አንስታ ይዛላቸው መጣች።

"አባባ፣ እስቲ ይቺን ይዳስሷት።"

ዳሰሱና ሳቁ። "ይቺማ የሰካራም ሥራ ናት!"

"ይቺንም እግዜር ነው የሠራት?"

ጎጆዋን እንደገና ዳሰሷት።

"ወንዱ ነው የሚሰፋው፣ ቆሜ አየሁት። ይሳሳታል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይሰፋል። እኔም ስፌት የለመድኩት እንደዚያው ነው። ወንድ ሆኖ ቤት መሥራቱን ግን ልጅዎ ቢያይልኝ ጥሩ ነበር።"

"ተይ ልጄን!" አሉና፣ "መልመዱንስ ማን ሰጠው?"

"ሰጪውማ ይኖራል፣ አባባ። ግን ማሽላውን እኛ እንድንበላው ይሁን ወፉ እንዲበላው ከቋጠሮው አይታወቅም።"

ሽማግሌው ያስቀመጧትን የፊተኛዋን ጎጆ አንስተው ሁለቱን በሁለት እጃቸው መዘኑ።

"በይ ሂጂ፣ ለኩሺው። እነዚህን ግን አትውሰጂብኝ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኢሳ ደረቅ ሣር ተሸክሞ ግራሩ ሥር ደረሰ። አየሁሽ ፍም ልትወስድ ስትገባ አባባ አለነ ጎጆ እየፈቱ ነው። የተዝረከረከችው ወዲያው ተበትናለች። የፊተኛዋ ግን የሣሯ ጫፍ አልገኝ ብሏል።

"ስፌት ያስተማረሽ ማን ነበር?"

"እናቴ።"

"እሷንስ?"

"እናቷ።"

"እሷንስ?"

"አባባ፣ ፍሙ እየጠፋብኝ ነው!" ብላ ሮጠች።

ያን ዓመት ከማሽላው ግማሹ ተርፎ ጎተራ ገባ። አባባ አለነ ግን አጨዳው አልቆም የዚያችን ጎጆ ጫፍ ይፈልጉ ነበር።