ከአጥሬ ሥር ያለችው ቀዳዳ

ሥራዬ የጎርፍ ውሃ መሄጃ መንደፍ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ አዲስ ሰፈር በተቆረሰ ቁጥር መለኪያዬን በትከሻዬ አንግቤ እሄዳለሁ። የመሬቱን ከፍታ እለካለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ አሰላለሁ፣ ከዚያ ቦዩን በወረቀት ላይ አሰምራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስንት ሰፈር ከጎርፍ እንዳዳንኩ ቁጭ ብዬ ባወራ ጉራ ይሆንብኛል። ይልቅ በገዛ አጥሬ ሥር ስላለችው ስለ አንዲት ቀዳዳ ልንገራችሁ። የእሷን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ቤቴ ፉሪ ነው፣ ዳገቱ ላይ። በማኅበር ያገኘሁት ቦታ ነው። ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ አንደኛውን ያሠራሁት ለእናቴ ነበር። እናቴ መጥታ አሥራ አምስት ቀን ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው ደህና አደርሽ አይልም እንዴ?» ብላ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ጉለሌ ተመለሰች። እውነቷን ነው። ሁሉም ከፍ ባለ የብሎኬት አጥር ውስጥ ይገባና የብረት በሩን ይዘጋል። እኔም ያው ነኝ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ስጥል፣ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የወደቀው ጫማ ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሬዲዮ ሳልከፍት የማልቀመጠው።

ከእኔ በላይ ያለው ግቢ የአንድ ሽማግሌ ነበር። ሰፈሩ ሰፈር ሳይሆን ቦታው ሁሉ የእሳቸው እርሻ ነበር። ተቆራርሶ ተቆራርሶ የቀረቻቸው አንዲት ጭቃ ቤት፣ ከጎኗ የተቀጠሉ ሁለት የኪራይ ክፍሎችና ትንሽ ሣር ናት። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ተፍኪ አግብታ እዚያው ትኖራለች። እኔ በኦሮምኛ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፣ አቶ እንደማለት። እሳቸው «ኢንጂነር» ይሉኛል፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

አጥሬን ሳስገነባ የዶማ እጀታ ይዘው መጡ። ግንበኛው የመጀመሪያውን ብሎኬት ሊያስቀምጥ ጎንበስ ብሏል።

«እዚህ ጋ ቀዳዳ ይተው» አሉ፣ በእጀታው ስፋቱን እያሳዩ። «የተራራው ውሃ በእኔ ግቢ ወርዶ በዚህ ነው የሚወጣው። ይቺ ከተዘጋች ውሃው ተመልሶ ቤቴ ሥር ይተኛል። ቤቴ ደግሞ ጭቃ ነው ኢንጂነር፣ ከራሰ ይወድቃል።»

እኔም ሙያዬ ነውና መለኪያዬን ተክዬ አየሁት። በጣት እንኳ አልሳቱም። ቀዳዳዋ ተተወች፤ ከእሷ እስከ መንገዱ ድረስም በግቢዬ ውስጥ ቀጭን ቦይ አስቀደድኩ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ቀዳዳዋን እንጠርጋለን። እሳቸው በእሳቸው በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል። ቅጠሉን፣ ፌስታሉን፣ ደለሉን ካወጣን በኋላ የዶማቸውን እጀታ በቀዳዳዋ ይሰዱታል። «ገኤ?» ይላሉ ከማዶ፤ ደረሰ? ማለታቸው ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫፉን እይዝና ሳብ አደርገዋለሁ። «ገኤ!» እላለሁ። ከዚያ እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ አጥሩን ተደግፈን፣ ሳንተያይ እናወራለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ እናቴ ኩርፊያ። አንዳንዴ እጀታውን ቶሎ አልለቅላቸውም። «ልቀቂ እንጂ!» ይሉና ይስቃሉ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ከዓመት በዓሉ ሁሉ አብልጬ የምጠብቀው ያንን ቀን ነበር።

ታዲያ ይቺን ቀዳዳ ማን ዘጋት? እኔ። እኔው ራሴ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ኦቦ ክፍሎቹን ከደቡብ ለመጡ፣ ፋብሪካ ለሚሠሩ ሁለት ሴት ልጆች አከራዩ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መዝሙር እየዘመሩ ልብስ ያጥባሉ። የሳሙናው ውሃ ታዲያ በቀዳዳዋ ወርዶ ግቢዬ ይገባል። ቆስጣዬ ደረቀ፣ ጎመኔ ቢጫ ሆነ፣ ቦዩ መሽተት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ከአንድ አስቸጋሪ ሳይት ደክሞኝ ስገባ አረፋው ደጃፌ ድረስ መጥቷል። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ኦቦ ጋ ሄድኩ።

«ኦቦ፣ ይቺ ቀዳዳ ለዝናብ ናት እንጂ ለእድፍ አይደለችም!»

«ልጆቹ የት ይድፉት?» አሉ። «ውሃ ነው፣ በመንገዱ ይሄዳል። አንቺ ሳትመጪም በዚሁ ነበር የሚሄደው።»

አንቺ ሳትመጪም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። የዚያን ቀን ግን መጤ ነሽ እንዳሉኝ ቆጠርኩት፤ ለምን እንደዚያ እንደከነከነኝ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ስብሰለሰል አደርኩ።

ደግሞም ምክንያት ነበረኝ፣ ያውም የባለሙያ ምክንያት። ከኦቦ ግቢ በላይ ያለው መንገድ በዚያ ዓመት ኮብልስቶን ሊነጠፍ፣ ዳሩን ደግሞ የውሃ ቦይ ሊሠራለት ነበር። ፕላኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ። በወረቀቱ መሠረት የተራራውን ውሃ ያ ቦይ ተቀብሎ ወደ ወንዙ ይወስደዋል፤ እኛ ጋ ጠብታ አትደርስም። እንግዲህ ቀዳዳዋ ምን ትሠራለች? ታኅሣሥ ላይ፣ መሬቱ ደርቆ በተሰነጣጠቀበት ወር፣ የቀን ሠራተኛ ጠርቼ በድንጋይና በሲሚንቶ አስደፈንኳት።

ኦቦ ድምፁን ሰምተው አጥሩ ጋ መጡ። «አያስቡ» አልኳቸው። «ከላይ ቦይ እየተሠራ ነው። ከእንግዲህ ውሃ አይመጣብዎትም።» ኢንጂነር ሆንኩባቸው።

«አንቺ ካልሽ» አሉ።

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አመኑኝ።

ቦዩ እስከ መሀል ተሠራና ቆመ። በተሠራው በኩል ደግሞ መኪና ያለው ሁሉ በበሩ ፊት በአፈር ሞላው፤ መኪናው እንዲገባለት ከሥሩ ክንድ የማታህል ቱቦ ቀብሮ አስተካከለው። በየቀኑ በታክሲ መስኮት እያየሁት አልፋለሁ። ሌላ ከተማ ላይ ባየው አገር ይያዝልኝ የምል ሴትዮ፣ ሰፈሬ ላይ ሲሆን ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። ማንን እነግራለሁ? የአንዳቸውንም በር አንኳኩቼ አላውቅም።

ግንቦት መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሬዲዮ ከፍቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ከአጥሩ ሥር ኳ አለ። የዶማ እጀታ ሲሚንቶውን ሲመታ። ሬዲዮውን ቀነስኩት። ኳ አለ እንደገና። ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ብወጣ ምን እላለሁ? ይቅርታ ልል ነው? የሳሙናውን ነገር ላነሳ ነው? ለሦስተኛ ጊዜ ኳ አለ፣ ከዚያ ዝም። እልህ ይሁን እፍረት እንጃ፣ አልወጣሁም።

ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ሳይት ነበርኩ። አንድ ነጋዴ መጋዘኑን ሲሠራ የውሃ መውረጃውን በግንብ ዘግቶታል። ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ ይወርዳል፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ጣቴን እየወዘወዝኩ እጮህበታለሁ። «አንተ እዚህ ዘጋህ ማለት ከበላይህ ያለው ሰው ቤት ፈረሰ ማለት ነው! ዓይንህ አያይም እንዴ?» ሾፌራችን ከመኪናው ብቅ ብሎ «ኢንጂነር፣ የሰበታ መንገድ በጎርፍ ተዘጋግቷል አሉ፣ ፉሪ ላይ ከባድ ዝናብ ነው» አለኝ። ነጋዴውን እዚያው ትቼው ሄድኩ።

ስልኬን አወጣሁ። ግን ማ ጋ ልደውል? ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፣ ስልካቸው የለኝም። የአንድም ጎረቤት ስልክ የለኝም። ስሞቹን ወደ ታች እያንሸራተትኩ አየኋቸው፤ ሲሚንቶ ሻጭ፣ የቢሮ ሰው፣ እናቴ። ዘጋሁት።

ሾፌሩ መሄድ እስከቻለበት ወሰደኝ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። በሩን ከፈትኩ። ግቢዬ ንጹሕ ነው። ቦዬ ውስጥ ከቆርቆሮዬ የወረደች ትንሽ ውሃ ብቻ ነበረች። ያንን ሳይ ነው የደነገጥኩት። ከአጥሩ ማዶ ባልዲ ሲጋጭ፣ ልጆቹ ሲጯጯሁ ይሰማል፤ ከብሎኬቱ መጋጠሚያ ውሃ ያልባል።

ዲጂኖ አንስቼ ሲሚንቶውን መምታት ጀመርኩ። የቀን ሠራተኛውን ጠበቅ አድርገህ ሥራ ብዬው ነበር፣ አድርጎታል። እጄ ተላጠ። ስመታ «ኦቦ! ኦቦ!» እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። በመጨረሻ ድንጋዩ ተነቀለና ውሃው ፈንድቶ ወጣ፤ እኔንም ጣለኝ፣ ዲጂኖውንም ወሰደው። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ተመስገን አልኩ። ተመስገን ባልኩበት አፌ፣ ከማዶ የሞላ ጆንያ እንደተጣለ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቤታቸው የኋላ ግድግዳ ነው።

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በቀዳዳዋ አየሁ። ሁለት እግሮች፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ልጆቹ ቀድመው አውጥተዋቸው ነበር።

«ኦቦ» አልኩ።

እግሮቹ ቀስ ብለው ወደ አጥሩ መጡ። ሰውዬው ጉልበታቸውን እያመማቸው ሲጎነብሱ ሰማኋቸው። «ገኤ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይቆጣ። «ገኤ፣ ኢንተላ ኮ።» ደርሷል አሉኝ። ጭቃው ላይ እንደተንበረከክኩ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ከተፍኪ አይሱዙ ይዛ መጣች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ግድግዳውን አሠራለሁ፣ እስኪያልቅ ድረስ እኔ ጋ ይቀመጡ፣ ባዶ ክፍል አለኝ፣ ለእናቴ ያሠራሁት ነው አልኳቸው። ልመናዬ ለእሳቸው ብቻ አልነበረም፣ ለራሴም ነበር። አልጋቸው ሲጫን እያዩ «ረኮ ሂንቀቡ» አሉኝ፣ ችግር የለውም። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

«ቦዩ ባይሠራም አልከፋኝም። መንግሥት ነው፣ ይጀምራል፣ ይተዋል። ግን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ እኮ። ቤት ነበርሽ።»

የአልጋቸውን እግር ይዤ ላቀብል ጎንበስ አልኩ።

«ሬዲዮሽን ስትቀንሺው ሰማሁ» አሉ።

መኪናው ሲሄድ ተከራዮቹ ልጆች እጃቸውን አውለበለቡ፣ እነሱም ሌላ ሰፈር ቤት አግኝተው ነበር። እኔ የማውለበልብበት እጅ አልነበረኝም።

ተፍኪ ሩቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ተነስቼ፣ አንዴ ታክሲው ውስጥ ገብቼ፣ ተመልሻለሁ።

ኦቦ ቦታቸውን ሸጡት። የገዛው ሰው ግቢውን በገረጋንቲ አፈር አስሞልቶ ከፍ አደረገው፤ ከእኔ አጥር ጋር አስጠግቶም የራሱን አጥር ሠራ። ውሃው ወደ እኔም ወደ እሱም አይመጣም አሁን። ወደ ጎን ዞሮ፣ ከታች ባሉት ጭቃ ቤቶች ላይ ነው የሚወርደው። ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ሥዕል አያይዤ። መልስ የለም። ባለቤቱን አይቼው አላውቅም፣ መኪናውን ብቻ ነው የማውቀው።

ዘንድሮ ግንቦት ሲጋመስ ዶማ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ ቀዳዳዋን ጠረግኳት፤ ቅጠሉን፣ ፌስታሉን፣ የራሴን ሲሚንቶ ስብርባሪ አወጣሁ። ለአዲሱ ጎረቤት ስለ ታችኞቹ ቤቶች ልነግረው አስቤ ነበር። እጀታውን ሰደድኩት። ክንድ ያህል ገባና ኳ ብሎ ቆመ። ከማዶ ሬዲዮ ይሰማል፣ ሰው አለ። እንደገና መታሁ። ሦስተኛውን ስመታ የሬዲዮው ድምፅ ቀነሰ። እጀታውን እንደያዝኩ፣ ጆሮዬን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።