ቀይ ቀለም የተቀባችው ፔርሙዝ

ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ስጽፍ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ሌባውን እመርጣለሁ፤ ከዚያ ማንም እንዳይጠረጥረው አድርጌ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት እዚሁ አዳማ ቤቴ ተቀምጬ የጻፍኩትን ግን እውነት እኔ ነኝ ወይ የፈጠርኩት እያልኩ እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ታሪኩ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። የሟቿ የወርቅ ጉትቻ ይጠፋል፤ በዚያው ሰሞን የእድሩ አንድ ፔርሙዝም ይጎድላል። ሁሉም የቤት ሠራተኛዋን ይጠረጥራል። የኔ መርማሪ ግን ፔርሙዟን ይከተላል። የሰፈሩ እድር የዕቃውን ሁሉ ቂጥ ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ለቅሶ ሲያበቃ ሳይገለብጥ ዕቃ አያነሳም። ሠራተኛዋ ደግሞ ያንን ዕቃ ስታጥብና ስትመልስ የኖረች ናት። ጉትቻውን ፔርሙዝ ውስጥ ደብቆ፣ ፔርሙዟም የሟቿ መስላው ይዟት የሄደው ሰው ምልክቱን የማያውቅ እንግዳ መሆን አለበት። ያ እንግዳ ደግሞ ከሁሩታ ለለቅሶ የመጣችው የሟቿ ትልቅ ልጅ ናት። እንዴት እንደኮራሁበት!

ጉትቻውን ከራሴ ቤት ማምጣቴን አልክድም። ከሦስት ዓመት በፊት እናታችን ስታርፍ ጉትቻዋ ጠፍቶብናል። የእድሩ ፔርሙዝም ጎድሎ ሌላ ገዝተን ተክተናል። ሁለቱን ያገናኘኋቸው ለታሪኩ እንዲያምር ብዬ ነው። ያኔ እኛ የጠረጠርነው ሠራተኛችንን ነበር። ሻንጣዋን ከፍቼ ልብሷን አንድ በአንድ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ምንም አላገኘሁም። እያለቀሰች ስትምልልኝ "የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ" አልኳት። በማግስቱ ወላጆቿ ወዳሉበት ወደ ወንጂ ሄደች።

ታላቅ እህቴ ያገባችው ሁሩታ ነው። ሰሞኑን ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ስህተት ካለው ታርምልኝ ብዬ ረቂቁን ሰጠኋት። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ቀና ሳትል አነበበችው።

"ማን ነገረህ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የፔርሙዟን ነገር።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"ጉትቻውን ትሸጡታላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው" አለች። "ቤቱ በሰው ተሞልቶ መደበቂያ አጣሁ። የእማዬ ፔርሙዝ መስላኝ እዚያ ውስጥ ከትቼው ሻንጣዬ ውስጥ አስገባኋት። ቀዩን ቀለም ያየሁት ቤቴ ገብቼ ሳጥባት ነው።"

 ሳላውቅ ነው የጻፍኩት ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምነውም። አውቄ ከነበረ ያቺን ሴት ለምን ፈተሽኳት? ካላወቅኩስ ከዚያ ሁሉ ከተማ ሁሩታን ምን አስመረጠኝ? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። መናደድም አማረኝ፤ ግን በማን ላይ እንደምናደድ አጣሁት። እህቴን እወዳታለሁ፤ ደግሞም በዚያች ሰዓት ዓይኗን ማየት አስጠላኝ።

"መጨረሻውን ቀይረው" አለችኝ እጄን ይዛ። "ሠራተኛዋ ናት በለው። ምን ችግር አለው፣ ልብ ወለድ አይደል?"

እሱንማ አንዴ በሰው ላይ አድርጌዋለሁ። ተነስቼ ጫማዬን አጠለቅሁ። ወንጂ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ይዞ መሄድ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ወንጂ ውስጥ የሸንኮራ ሠራተኞች ሰፈር ብዙ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት አብራን ስትኖር፣ ቤተሰቦቿ የትኛው ሰፈር እንደሚኖሩ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።