ያልተጨሰው የኛፑዎት ትምባሆ

ኛፑዎት ባሮ ዳርቻ ዓሣ ትሸጣለች። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ዓሣ ልገዛ ሄጄ ወሬዋን ሰምቼ፣ ዓሣውን ረስቼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ዘንድሮ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ግን ወሬዋ ሁሉ ስለ ኛሉዋል ሆነ።

ኛሉዋል ማታር የምትኖር ጣውንቷ ናት፤ እሷም ነፍሰ ጡር። ባላቸው ጋትቤል በጀልባ ዕቃ ያመላልሳል። "እዚያ ይከርማል፣ እዚህ ያድራል" ትላለች ኛፑዎት። እሱ ባይመጣ እንኳ ትምባሆ ይልክላታል፤ ተጠፍጥፎ የደረቀ፣ በጨርቅ የተቋጠረ። ያን ጊዜ ፒፓዋን ሞልታ በሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ጎረቤት ጭሱን እንዲያይላት።

ጤና ጣቢያ ሲስተር እሙዬ ሆዷን ለካችና "ልጁ ከወሩ አንሷል፤ ትምባሆው እንዳያድግ ይይዘዋል፣ ተዪው" አለቻት። እሺ ብላ ወጣች። ጀልባ ሲመጣ አጨሰች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ አሁንም ትንሽ ነበር። እሙዬ አልተቆጣችም፤ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ለምን አልተውሽውም እህቴ?"

"ብተወው ለእሷ ይሰጣታል።"

"ትምባሆውን?"

"መጀመሪያ ትምባሆውን።"

እሙዬ ሳቋን ዋጠች። "ስለ እሷ ስታስቢ ታለቅሻለሽ?"

"ፒፓ ይዤ። ሰው ጭሱ ነው ይላል።"

ይሄኔ የእሙዬ ሳቅ ጠፋ። "እንግዲህ ጀልባ በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ነይ። ስለ ኛሉዋል የፈለግሽውን አውሪ። ያለ ፒፓ አልቅሺ።"

ሄደችም። ምን ልበላችሁ፣ ያቺ ሲስተር የማታሯን ሴት ሳታያት አካሄዷን ሳይቀር አወቀች።

ጋትቤል ራሱ የመጣ ዕለት ቋጠሮውን ዘረጋላት።

"አላጨስም፤ ልጁን አሳነሰብኝ።"

"እንግዲያው ለኛሉዋል ልውሰድላት።"

የፈራችው ነገር መጣ። ኛፑዎት ቋጠሮውን ከእጁ ነጠቀችው። "እሷም እርጉዝ ናት፣ አይሆናትም።" ለጣውንቷ አዝና ይሁን ቀንታ፣ እግዜር ይወቀው። "የኔ ነው። አላጨሰውም፣ ግን የኔ ነው።"

ከጣራው እንጨት ላይ ሰቀለችው። የሚቀጥለውም የዚያ የሚቀጥለውም እዚያው ተሰቀለ። ሽታው ይጠራታል፤ ስንት ቀን ፒፓዋን አንስታ፣ ባዶውን ስባ አስቀምጣዋለች። ጎረቤቷ ኛታንግ አንድ ቁንጣሪ ብትለምናት "የባሌን ፍቅር ላጭስልሽ?" ብላ መለሰቻት።

ባለፈው ሳምንት ሲስተር እሙዬ መለኪያዋን አጣጥፋ "ጎሽ፣ አድጎልሻል" አለቻት።

ኛፑዎት ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለች። "ከማታሩ ይበልጣል?"

"የማታሩን የት አየሁት?"

"ይበልጣል" አለች ኛፑዎት፣ ወደ ዓሣዋ እየሄደች።