አሸንዳው ሦስት ገጽ፣ ተናኘወርቅ አንድ መስመር

እንደሻው ኃይለመስቀል ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያለች አንዲት ዋርካ ናት፤ ዕቃው አንዲት ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ፣ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የባለጉዳይ። በሬው የተሰረቀበት፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ ባሏ የከዳት፣ ሁሉም እዚያች በርጩማ ላይ አልቅሷል። እንደሻው አብሮ እንባውን ይጠርግና፣ «ስምዎ? ጉዳይዎ? ምስክር አለዎት?» ብሎ ጠይቆ የአርባ ዓመት ኑሮ በአንዲት ገጽ ቁጭ ያደርገዋል።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ አንድ ሐሳብ መጣለት። «የሰው ሕይወት ስጽፍ ሃያ ዓመቴ፤ የእኔን ማን ሊጽፍልኝ ነው?» አለና ወፍራም ደብተር ገዛ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን በሚካኤል ማኅበር ላይ ደስታው አፉን ከፈተውና፣ «የሚመጣው ወር ተራው የኔ ነው፤ ከጠላው ጋር የሕይወት ታሪኬን አነብላችኋለሁ!» አለ። ማኅበርተኛው አጨበጨበ። ከአፍ የወጣ፣ ከእጅ ያመለጠ።

ሚካኤል አምስት ቀን ሲቀረው ደብተሩን ለሙከራ ቤቱ አነበበው። አድማጮቹ ሁለት ናቸው፤ ምስር የምትለቅም ሚስቱ ተናኘወርቅና ግድግዳ የሚጋራቸው ዓሊዪ፣ በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ነጋዴው። ዓሊዪና እንደሻው አንድ ጊዜ የዓሊዪ አሸንዳ የእንደሻውን ግድግዳ አራሰ በሚል ሁለት ዓመት ተካሰዋል። ከታረቁ ወዲህ ግን ካልተያዩ አይውሉም።

«እኔ አመልካች እንደሻው ኃይለመስቀል፣ ነዋሪነቴ በጀጎል የሆንኩ፣ የሕይወት ታሪኬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ» ብሎ ጀመረ።

«ለማን ነው የምታቀርበው?» አለ ዓሊዪ።

«ዝም ብለህ ስማ! ስድስተኛ፦ በ፲፱፻፴፰ ዓመተ ምሕረት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ታደሰን በሕግ አገባሁ። ሰባተኛ፦ የቤቱን ጣሪያ በቆርቆሮ አስለወጥሁ። ስምንተኛ፦ የአሸንዳውን ጉዳይ በሚመለከት…»

ስምንተኛው ሦስት ገጽ ፈጀ። ዓሊዪ በደስታ ጭኑን መታ።

«ወላሂ፣ እኔን እንዲህ አሳምሮ የጻፈኝ የለም! ያቺን ምስክር ያባረርኩባትን ድገማት እስቲ!»

ተናኘወርቅ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አሸንዳው ሦስት ገጽ፤ እኔ አንድ መስመር። ቆርቆሮው እንኳ እኩያዬ ሆኗል። ለመሆኑ እኔ ምንህ ነኝ? ምስክር ነኝ ወይስ ተከሳሽ?»

«ተከሳሹስ እኔ ነኝ» አለ ዓሊዪ፤ ጫማውንም በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

«ይህንን ለማኅበርተኛ ካነበብክ» አለች፣ «የሚካኤል ዕለት እኔ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ ነኝ። ጠላውንም አንተው ቅዳ።»

ተናኘወርቅ ስትቀልድ ድምጿ ከፍ ይላል። አሁን ዝቅ ብሎ ነበር።

እንደሻው ሁለት ቀን ታገለ። «ተናኘወርቅ ጠባየ መልካም፣ ታታሪ…» ብሎ ጻፈና ሲያነበው ሥራ ለሚለቅ ዘበኛ የሚሰጥ ምስክር ወረቀት መሰለው፤ ቀደደው። በሦስተኛው ቀን ዋርካው ሥር ተክዞ ሳለ ዓይኑ ባዶዋ በርጩማ ላይ አረፈ። ለካስ እሱ ሳይጠይቅ ጽፎ አያውቅም! ሁለቱንም በርጩማ በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ገሠገሠ።

«ተቀመጪ።»

«የት?»

«ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ነዋ። ስምዎ?»

«ስሜ ጠፋህ እንዴ?» አለች፤ ሳትወድ ሳቀች። «ተናኘወርቅ ታደሰ።»

«ጉዳይዎ?»

«ባለቤቴ ረስቶኛል።»

«መቼ ተዋወቁ?»

«በሠላሳ ስምንት። በአባቴ ቦታ ጉዳይ ማመልከቻ አጻፍኩት። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ።»

«አስታውሳለሁ፤ ፊደሉ ደቃቃ ነው ብለው መልሰውብሽ። በሦስተኛው ደግሞ ኅዳጉ ጠበበ ብለው። ያ መዝገብ ቤት!»

«መዝገብ ቤቱን ተወው» አለችና ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተች። ከነጠላዎቿ ሥር ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች፤ ሦስቱም የእጁ ጽሕፈት፣ አንዳቸውም ማኅተም አልነካቸውም። «የትም አልገቡም። የአባቴን ጉዳይ አጎቴ በሽማግሌ የጨረሰው እኮ አንተ ዘንድ ሳልመጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ገበያ ስሄድ አንዲት አሮጊት ስታጽፍህ፣ ከእሷ ይልቅ አንተ ስታለቅስ አየሁህ። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ላየው ብዬ ነዋ። እስክትጠይቀኝ ሦስት ማመልከቻ ፈጀሁ፤ ፈዛዛ!»

እንደሻው ሦስቱን ወረቀቶች አገላበጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ደፍሬ የጠየቅኋት እኔ ነኝ» እያለ ሲኩራራ ኖሯል። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ግድግዳው ማዶ ዓሊዪ «አልሐምዱሊላህ፣ ታረቁ!» እስኪል ድረስ። በማግሥቱ ዋርካው ሥር አልታየም፤ ሲጽፍ ዋለ።

የሚካኤል ዕለት ቤቱ ጢም አለ። ዓሊዪም ሻዩን ይዞ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እንደሻው ስድስት ገጽ ተናኘወርቅን አነበበ፤ ሦስቱን ማመልከቻዎች እያነሣ አሳየ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን በጥርጣሬ አዩ።

«አሸንዳዬን ማነው የቆረጠው?» አለ ዓሊዪ፤ የሰማው ግን አልነበረም።

እንደሻው መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ የሃያ ዓመት ልማድ አይለቅምና፣ «ስለዚህ ከላይ በዘረዘርኩት ምክንያት እንዲፈረድልኝ በትሕትና እለምናለሁ» ብሎ ዘጋው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የማኅበሩ ታላቅ እማማ ገላነሽ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ደግሞ ምን ይፈረድልህ አንተ?» አሉ።

ሁሉም ወደ ተናኘወርቅ ዞረ። እንስራውን አዘንብላ እየቀዳች ነበር።

«ከተፈረደለት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እማማ» አለች። «ይግባኝም የለውም። በል፣ ዋንጫህን አቅርብ።»