በሩ ላይ ያለችው

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በስሟ የሚጠራት የለም። ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ ድምፅ ስላላት ሁሉም «ሻለቃ» ይላታል። ጠርዙ የተዛነፈ አንሶላ ካየች ያጣጠፈችውን ሴት በላብ ታጠምቃታለች።

የእናቶቹን ሰልፍ ያሰበችውም እዚያው ነው። ባለካውያዋ ጓደኛዋ ሁለተኛ ልጇን በቀበረች ሰሞን ሥራ ገብታ የትራስ ልብስ ስትተኩስ አየቻትና፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ አጎንብሰን የምንቀብረው?» አለች። ወሬው ከዚያ ክፍል ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ገበያ ሄደ። ጦርነቱ ይቁም፤ ጥያቄያቸው ይኸው ብቻ ነው። ወንድ አይገባበትም።

«ወንዶቹስ ምን ይሥሩ?» አለች አንዷ።

«ልጅ ያባብሉ! አንድ ቀን ቢያባብሉ አይሞቱም።»

ተሳቀ። በዚያ ክፍል ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

የሻለቃ ልጅ ግን አልተቀበረም። ከዘመተ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ምራቷ ጨቅላዋን ታቅፋ «ዛሬስ፣ እማማ?» ባለቻት ቁጥር «ኔትወርክ ነው» ትላታለች። ስለዚህ ልጅ የሞተባቸው ጥቁር ለብሰው ከፊት ይሁኑ ሲባል፣ እሷ አበባማ ሻርፕ አድርጋ ከኋላ ረድፍ እያስያዘች ሄደች።

«ጥቁር የምለብሰው ሬሳውን ሳይ ነው» አለች ቁርጥ አድርጋ።

ጦሩን የሚያዘው ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወታደሮች ቆመው ጠበቋቸው። አንድ ልጅ እግር መኮንን ወጣ። «የሚገቡት ልጅ የሞተባቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ይመለስ።»

ባለካውያዋ ከፊት ረድፍ ሮጣ መጣች። «ሻለቃ፣ ያላንቺ ማን ይናገራል? እኛ እኮ አፋችንን ስንከፍት የሚቀድመን እንባ ነው።»

«አልገባም።»

«በአፍሽ ብቻ በዪው፣ እባክሽ። አንቺ ስላልሽ እግዜር አይገድለውም!»

መኮንኑ ተጠጋ። «እርስዎስ እናቴ? ሞቶብዎታል?»

ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «ሞቷል» አለች በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም።»

«ልጄ ሞቷል!»

እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማ።

ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ሹም ቆሞ አዳመጣቸው። ሻለቃ ቃል ሳትስት የሁሉንም ተናገረች። «ስሜታችሁ ይገባናል፣ ለሚመለከተው እናቀርባለን» ብሎ ሰዓቱን አየ። ይኸው ነው፤ ወጡ።

ውጭ ሰልፍ የሚባል አልቀረም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ ለእሷ። አንዷ ጥቁር ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣለችባት።

«ኧረ ለመግቢያ ነው! አልሞተም!» ብትልም፣ ባለካውያዋም ብትምል፣ የሚሰማ ጠፋ። አንዲት አሮጊት እጇን ጭብጥ አድርገው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲህ ብዬ ነበር» አሏት።

እጇን አስለቅቃ ወደ ቤቷ በረረች። ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ጎረቤቶች ወንበር እየተቀባበሉ ያስገባሉ። ምራቷ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣለች፤ ጨቅላው አጠገቧ ያለቅሳል፣ የሚያነሳው የለም።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ውሸት ነው። ለመግባት ብዬ እኔው ነኝ ያልኩት።»

ምራቷ ቀና አለች። «እንግዲያው በሕይወት አለ ይበሉኝ። ይማሉልኝ፣ እማማ።»

ሻለቃ ጎንበስ ብላ ጨቅላውን አነሳችና ለእናቱ አቀበለቻት። ከበሩ አንዱ ሌላ ወንበር ይዞ ብቅ አለና «የት ላድርገው?» አላት።

በእጇ ግድግዳውን አሳየችው።